ኮንክሪት ለመኖሪያ ግቢ ንጣፍ፦ ጥቅሞቹና ጥቅሞቹ የሚጸኑባቸው ሁኔታዎች በአዲስ አበባ

አጠቃሎ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ግቢን በኮንክሪት ማንጠፍ የተለመደ ምርጫ ነው። ይህ ጽሑፍ ኮንክሪት ከሌሎች የንጣፍ ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር የሚሰጣቸውን ጥቅሞች ይመረምራል፤ ጥቅሞቹ ከምን እንደሚመነጩና በምን ሁኔታ እንደሚጠፉም ያብራራል። የጽሑፉ ማእከላዊ ሐሳብ የኮንክሪት ንጣፍ ዕድሜ የሚወሰነው ከላይ በሚታየው ገጽ ሳይሆን በአብዛኛው ከሥሩ ባለው አፈርና በላዩ በሚፈሰው ውሃ አያያዝ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ኮንክሪትን የመረጠ ሰው አንድ የግንባታ ቁሳቁስ ብቻ ሳይሆን የመሠረቱን ዝግጅት፣ ተዳፋቱን፣ የመኮማተሪያ መስመሩንና ውሃ የማጠጣቱን ሥራ አብሮ መርጧል።

መግቢያ

ደልዳላ፣ ጠንካራና ንጹሕ ደጅ ማሰናዳት ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ አዲስ ፍላጎት አይደለም። ገበሬው እህሉን የሚወቃበትን አውድማ ሲያዘጋጅ መሬቱን ይደለድላል፣ ያጠነክራል፣ በእበትም ይለቀልቃል። ዓላማው እህሉ ከአፈርና ከጠጠር እንዳይቀላቀል፣ የወደቀውም ፍሬ ተጠርጎ እንዲነሣ ነው። የከተማ ነዋሪም ከግቢው የሚጠብቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በርበሬ ይሰጣበታል፤ እህል ይበጠርበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል፤ የሐዘን ወይም የደስታ ቀን ሲመጣም ድንኳን ይተከልበታል።

ልዩነቱ አውድማ የአንድ ወቅት ሥራ መሆኑ ነው። በበጋ ይለቀለቃል፤ ክረምት ሲገባ ይፈርሳል፤ በዓመቱ እንደገና ይሠራል። የከተማ ግቢ ግን ክረምቱን መሻገር አለበት። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ያልተነጠፈ ግቢ በእነዚህ ወራት ጭቃ፣ በበጋው ደግሞ አቧራ ይሆናል። ነዋሪዎች ወደ ኮንክሪት እንዲያዘነብሉ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች ዋናው ይኸው ነው።

የግቢ ንጣፍ ጉዳይ ቀላል ቢመስልም ውሳኔው በቀላሉ የሚታጠፍ አይደለም። 60 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ግቢ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ቢነጠፍ፣ 6 ሜትር ኩብ መጠንና ወደ 14 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያለው ነገር መሬቱ ላይ ይጋደማል። ከጠነከረ በኋላ ማፍረሱ ከፍተኛ ድካምና ወጪ ይጠይቃል። በአግባቡ ካልተሠራም ጉዳቱ በንጣፉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ውሃውን ወደ ቤቱ መሠረት ሊመልስ ወይም በጎረቤት አጥር ሥር ሊለቅ ይችላል። ቤተሰቡ ያጠራቀመውን ገንዘብ አንድ ጊዜ የሚያወጣበት ሥራ በመሆኑ ምርጫው በዕውቀት ላይ ሊመሠረት ይገባል።

አማራጮቹ በንጽጽር

ግቢን ለማንጠፍ በከተማዋ ከሚታወቁት አማራጮች ውስጥ ጠጠር፣ ኮብልስቶን፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ ቴራዞ፣ ሴራሚክ እና በቦታው የሚፈስ ኮንክሪት ይገኙበታል። ጠጠር ከሁሉም በላይ ውሃን ወደ መሬት ያሰርጋል፤ ለመሥራትም ቀላል ነው። ነገር ግን በጭቃ ላይ በቀጥታ ሲበተን ከክረምት ክረምት እየሰመጠ ይጠፋል። እህል ለማስጣት አይመችም፤ ለተሽከርካሪ ወንበርም ሆነ በምርኩዝ ለሚሄድ አረጋዊ አስቸጋሪ ነው።

ኮብልስቶን እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ በስፋት ተነጥፏል። ድንጋዩ ከአገር ውስጥ ይወጣል፤ ለብዙ ወጣቶችም የሥራ ዕድል ከፍቷል። በአሸዋ ላይ ስለሚቀመጥ በድንጋዮቹ መካከል ውሃ በመጠኑ ይሰርጋል፤ ከሥሩ ያለ ቧንቧ ሲበላሽም ድንጋዩ ተነሥቶ እንደገና ሊነጠፍ ይችላል። ይህ ኮንክሪት የሌለው ትልቅ ብልጫ ነው። በሌላ በኩል የድንጋዮቹ ገጽ ወጣ ገባ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም የፈሰሰ እህልንና ቆሻሻን ይይዛል፤ ሣርም ይበቅልበታል።

ሴራሚክና ቴራዞ ለዓይን የሚስቡና ለማጽዳት የቀለሉ ናቸው። ይሁን እንጂ በራሳቸው የቆሙ ንጣፎች አይደሉም፤ ሁለቱም ከሥራቸው ደህና የኮንክሪት ወለል ይፈልጋሉ። ለስላሳ ሴራሚክ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ስለሚያንሸራትት ለውጭ ደጅ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ እነዚህን የሚመርጥ ሰው ኮንክሪትን አልተወም፤ በኮንክሪቱ ላይ ሌላ ወጪ ጨመረ እንጂ።

የኮንክሪት ጥቅሞች

የመጀመሪያው ጥቅም የገጹ አንድነት ነው። በቦታው የፈሰሰ ኮንክሪት ከመስመሮቹ በቀር ክፍተት የሌለው ደልዳላ ገጽ ይሰጣል። በመጥረጊያ ይጸዳል፤ በውሃ ይታጠባል፤ ጎማ ያለው ነገር ያለ ችግር ይሄድበታል። ግቢው የሥራ ቦታ ለሆነበት ቤተሰብ ይህ ከውበት ይቀድማል።

ሁለተኛው ጥቅም የጥሬ ዕቃው ቅርበት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የድንጋይ ካባዎች የተፈጨ ባዛልት ጠጠር ያቀርባሉ፤ አሸዋው እንደ መቂና ላንጋኖ ካሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ይመጣል፤ ሲሚንቶውም በአገር ውስጥ ይመረታል። ሥራውም እንደ ትልቅ ሕንፃ ውስብስብ መሣሪያ አይሻም። አካፋ፣ ሳንቃ፣ ውሃ ልክ፣ መጠቅጠቂያና ልምድ ያለው ግንበኛ ካሉ አነስተኛ ግቢን በጥቂት ቀናት መሥራት ይቻላል።

ሦስተኛው ጥቅም ጥንካሬው ነው። በኢትዮጵያ የግንባታ ልማድ ሲ-25 ተብሎ የሚጠራው ኮንክሪት በ28 ቀናት ዕድሜው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ግፊት እንዲሸከም ታስቦ የሚዘጋጅ ነው። የአንድ የቤት አውቶሞቢል ጎማ መሬቱን የሚጫነው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር በ0.2 እና በ0.3 ኒውተን መካከል በሆነ ግፊት ነው። ልዩነቱ ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ከዚህ ንጽጽር የሚወሰደው ትምህርት ግን ኮንክሪቱ ጠንካራ ነው የሚል ብቻ አይደለም። የግቢ ንጣፍ በላዩ ባለው ጭነት ተጨፍልቆ የማይፈርስ ከሆነ፣ የሚሰነጠቀው በሌላ ምክንያት መሆን አለበት ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ ቆይቶ ይመለሳል።

አራተኛው ጥቅም ከአየር ጠባዩ ጋር ያለው ስምምነት ነው። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ የደጅ ኮንክሪትን ዕድሜ ከሚያሳጥሩት ነገሮች ዋናው በውስጡ የሰረገ ውሃ በክረምት እየቀዘቀዘና እየቀለጠ መልሶ መላልሶ መስፋፋቱ ነው፤ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨውም ጉዳቱን ያባብሳል። በእነዚያ አገሮች የሚጻፉ መመሪያዎች በኮንክሪቱ ውስጥ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችን የሚፈጥር ቅመም እንዲጨመር የሚያዝዙት ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ሥጋት ስለሌለ ቅመሙ አያስፈልግም። እንዲሁም አዲስ የግራጫ ኮንክሪት ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከ35 እስከ 40 በመቶ ያህሉን ሲያንጸባርቅ፣ አዲስ አስፋልት የሚያንጸባርቀው ከ10 በመቶ አይበልጥም። ኮንክሪቱ ሲያረጅ ይህ ብልጫው ቢቀንስም ደጁን ከጥቁር ንጣፍ ይልቅ ቀዝቀዝ ያደርገዋል።

አምስተኛው ጥቅም ከጤና ጋር ይያያዛል። በሜክሲኮ መንግሥት «ፒሶ ፊርሜ» በተባለ መርሐ ግብር የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ ወለል ተክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በመርሐ ግብሩ በታቀፉ ቤቶች ያሉ ሕፃናት በጥገኛ ትሎች፣ በተቅማጥና በደም ማነስ የመያዛቸው መጠን መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ውጤት የቤት ውስጥ ወለልን የሚመለከት ስለሆነ እንዳለ ወደ ግቢ ሊዛወር አይችልም። ሆኖም ሕፃን ከቤት ውስጥ ይልቅ በደጅ በሚውልበት ኑሮ፣ ጭቃን ከእግርና ከእጅ ማራቅ ትርጉም እንዳለው ለመገመት በቂ መነሻ ይሰጣል።

ኮንክሪት ለምን ይሰነጠቃል?

ከላይ እንደተገለጸው የግቢ ኮንክሪት በክብደት ተጨፍልቆ አይፈርስም። የሚሰነጠቀው ሲጎተት ወይም ሲታጠፍ ነው፤ መጎተትን የመቋቋም አቅሙ ግፊትን ከመቋቋም አቅሙ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነውና። የሚጎትተው ደግሞ በአብዛኛው የራሱ መኮማተር ነው። ኮንክሪት ሲደርቅ ከርዝመቱ ከ0.04 እስከ 0.08 በመቶ ያህል ያጥራል። 10 ሜትር ርዝመት ባለው ግቢ ይህ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ንጣፉ በነፃነት መኮማተር ቢችል ምንም አይሆንም ነበር፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ይይዘዋል። የተያዘና ሊያጥር የሚፈልግ ነገር አንድ ቦታ ላይ መለያየቱ አይቀርም።

መፍትሔው ስንጥቁን መከልከል ሳይሆን የሚወጣበትን ቦታ አስቀድሞ መወሰን ነው። የመኮማተሪያ መስመር የሚባለው ለዚህ የሚሠራ ነው። ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ሳለ በመሣሪያ፣ ወይም በጠነከረ በመጀመሪያው ቀን ውስጥ በመቁረጫ፣ የውፍረቱን አንድ አራተኛ ያህል ጥልቀት ያለው መስመር ይበጅለታል። ስንጥቁ በቀጭኑ ቦታ፣ ማለትም በመስመሩ ሥር፣ ተሸሽጎ ይወጣል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት የውፍረቱ ከ24 እስከ 30 እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። ለ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይህ ከ2.4 እስከ 3 ሜትር ነው። የሚከፈሉት ገበታዎች ወደ እኩል ጎን የተጠጉ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ረጅምና ጠባብ ገበታ መሀሉ ላይ ይሰበራልና።

በብዙ ግቢዎች ይህ መስመር ተዘልሎ በምትኩ የፌሮ መረብ ይገባል። ፌሮ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዛል እንጂ እንዳይፈጠር አይከለክልም። ያም ቢሆን ከንጣፉ ወፍራምነት መካከል ከፍ ብሎ፣ ወደ ላይኛው አንድ ሦስተኛ ተጠግቶ ሲቀመጥ ነው። መረቡ መሬት ላይ ተዘርግቶ ኮንክሪቱ ከላዩ ከፈሰሰበት ከሥር ይቀራል፤ ወጪው ወጥቶ ጥቅሙ አይገኝም። ሰው ብቻ ለሚመላለስበት ደጅ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ደህና መሠረትና በትክክል የተሠሩ መስመሮች ካሉ ፌሮ የግድ አይደለም። መኪና ለሚቆምበት ክፍል ግን ውፍረቱን ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማድረስ ያስፈልጋል።

ከሥር ያለው አፈር

አዲስ አበባ የቆመችው በአንድ ዓይነት አፈር ላይ አይደለም። በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ቀይ አፈር ይበዛል፤ በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢዎች ደግሞ መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር በሰፊው ይገኛል። መረሬ በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ በእርሻ ማሳ ላይ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት የሚታየው ለዚህ ነው። በዚህ አፈር ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ኮንክሪት በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ጠርዞቹ ከመሀሉ ቀድመው ስለሚርሱና ስለሚደርቁም ንጣፉ ይታጠፋል። እንዲህ ያለ መታጠፍን የትኛውም የሲሚንቶ መጠን አይመልሰውም።

ስለዚህ በመረሬ ላይ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጥቁሩን አፈር በተቻለው ጥልቀት አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና በስሱ ደርብ በደርብ እያረጠበ መጠቅጠቅ ይኖርበታል። በላዩ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ድልድል ይነጠፋል፤ ክፍተቱም በጠጠር ይሞላል። ከዚያ በኋላ ነው ኮንክሪቱ የሚፈሰው። በቀይ አፈር ላይ ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን ሣርና ሥር ያለበትን የላይኛውን አፈር ማንሣትና መጠቅጠቅ እዚያም አይቀርም። ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሊሾ በተደለደለ አፈር ላይ ማፍሰስ ለጊዜው ንጹሕ ደጅ ያስገኛል፤ ሆኖም በአንድ ወይም በሁለት ክረምት ተሰባብሮ እንደ ሸክላ ስባሪ መነሣት ይጀምራል።

ንጣፉ ከቤቱ ጋር መጣበቅም የለበትም። ቤቱ በራሱ መሠረት ላይ የቆመ ስለሆነ ከግቢው ጋር እኩል አይነሣም፣ አይወርድም። በሁለቱ መካከል በፎም ወይም በተመሳሳይ ተለጣጭ ነገር የተሞላ የአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የመለያ ክፍተት ቢተው አንዱ ሌላውን አይጎዳም። በምሰሶዎችና በፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖች ዙሪያም እንዲሁ መደረግ አለበት።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

የኮንክሪት ትልቁ ጥቅም ጭቃን ማስቀረቱ ነው፤ ትልቁ ኃላፊነቱም ከዚሁ ይመነጫል። አፈሩ ይጠጣው የነበረውን ውሃ ኮንክሪቱ አይጠጣም። በምህንድስና ስሌት በኮንክሪት ላይ ከሚወርደው ዝናብ ከ80 እስከ 95 በመቶ ያህሉ በላዩ እንደሚፈስ ይወሰዳል። በ60 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,800 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ 90 በመቶው ቢፈስ 1,620 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር ስምንት በርሜል ያህል፣ መውጫ ይፈልጋል። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚጥልበት ከተማ ይህ ግቢ ወደ 65,000 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። ከቆርቆሮ ጣሪያው በአሸንዳ የሚወርደው በዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

ይህ ውሃ ሦስት መድረሻዎች አሉት፤ የቤቱ መሠረት፣ የጎረቤት ግቢ፣ ወይም አስቀድሞ የተዘጋጀለት ቦታ። ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው የንጣፉ ተዳፋት ነው። በአንድ ሜትር ርቀት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ለዓይን የማይታይ፣ ለውሃ ግን በቂ ነው፤ አቅጣጫውም ሁልጊዜ ከቤቱ የሚርቅ መሆን አለበት። የንጣፉ ገጽ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ርጥበት ወደ ግድግዳው አይወጣም።

በነባር ሰፈሮች ለሚገኙ ከእንጨትና ከጭቃ ለተሠሩ ቤቶች ይህ ጥንቃቄ ከሌሎቹ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታ ለስላሳ አፈር ላይ ሲያርፍ ይሰርጋል፤ ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ ግን ተፈናጥሮ ግድግዳውን ይመታል። በጥቂት ዓመታት የምርጉ ግርጌ ይበላል፤ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል። እንዲህ ባለ ቤት ግቢውን ኮንክሪት ከማድረግ በፊት አሸንዳ መስቀል ወይም በግድግዳው ሥር ጠባብ የጠጠር መደብ መተው ይገባል። ይህ ሳይሆን የተሠራ ንጣፍ ደጁን አሳምሮ ቤቱን ያፈርሳል።

ከግቢው የሚወጣው ውሃም እንዲሁ ሊለቀቅ አይገባም። ከግቢው ስፋት የተወሰነውን ክፍል ለተክል መተው፣ በንጣፉ ዝቅተኛ ጠርዝ በጠጠር የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር፣ ወይም የጣሪያውን ውሃ በታንከር አጠራቅሞ ለልብስና ለአትክልት መጠቀም ይቻላል። ማስረጊያው ጉድጓድ ከቤቱ መሠረት የራቀ መሆን አለበት፤ በመረሬ ላይ ደግሞ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ ትርፉን ወደ መንገዱ የዝናብ ውሃ ቦይ የሚወስድ መውጫ ያስፈልገዋል። ሁሉም ግቢዎች ያለ ምንም ማስረጊያ ቢነጠፉ፣ በተራራ ሥር እንደ ተሠራችው አዲስ አበባ ባለ ከተማ የላይኛው ሰፈር ምቾት የታችኛው ሰፈር ጎርፍ ይሆናል።

ከመቀላቀል እስከ ማጠጣት

የኮንክሪት ጥራት በሲሚንቶው ብዛት ብቻ የሚገኝ ይመስላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ደፍ ኤብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ግን ለጥንካሬው ወሳኙ በውሃውና በሲሚንቶው መካከል ያለው ምጥጥን መሆኑን ነው። ለ50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ያህል ውሃ ተስማሚ ሲሆን፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ያለው ውሃም ከዚሁ ይቆጠራል። ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀለው የሚጨምረው እያንዳንዱ ባልዲ ኮንክሪቱን ያለሰልሳል፤ ሲደርቅም ይበልጥ እንዲኮማተርና ገጹ አቧራ እንዲያወጣ ያደርገዋል።

አሸዋውም ሊመረመር ይገባል። የኢትዮጵያ ደረጃ በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ደለል ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። በግንባታ ቦታ ለመገመት አሸዋን በብርጭቆ ማሰሮ ከውሃ ጋር በጥብጦ ማቆየትና ከላይ የሚያርፈውን የደለል ደርብ ከአሸዋው ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ደለሉ በዝቶ ከተገኘ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት።

ገጹን ማጠናቀቅ ሌላው ጉዳይ ነው። ሊሾ ተደርጎ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ደጅ በክረምት ለአረጋውያንና ለሕፃናት አደገኛ ነው። ኮንክሪቱ በመጠኑ ሲጠብቅ በጠንካራ መጥረጊያ በስሱ ቢጫር እግር የሚይዝ ሸካራ ገጽ ይገኛል። ወደ ላይ የወጣውን ውሃ ለማድረቅ ደረቅ ሲሚንቶ የመነስነስ ልማድ ግን ገጹ በኋላ እንዲላጥ ስለሚያደርግ መቅረት አለበት።

የመጨረሻው ሥራ ውሃ ማጠጣት ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውህደት ነው፤ ውሃው ቀድሞ ከተነነ ውህደቱ ይቆማል። የአዲስ አበባ በጋ በደረቅ አየሩ፣ በነፋሱና በጠራ ፀሐዩ አዲስ ኮንክሪትን በፍጥነት ያደርቃል። ስለዚህ ማለዳ ማፍሰስ፣ ገጹን በእርጥብ ጆንያ ወይም በላስቲክ መሸፈንና ቢያንስ ለሰባት ቀናት እርጥብ አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። ከስምጥ ሸለቆ የሚገኝ የእሳተ ገሞራ ፑሚስ የሚጨመርበት ፒፒሲ የተባለው ሲሚንቶ ጥንካሬውን በዝግታ ስለሚያገኝ ከ10 እስከ 14 ቀናት ቢጠጣ ይሻላል። ለሥራው አመቺ የሚሆነው ዝናቡ ያቆመበት፣ አፈሩም ገና ፈጽሞ ያልደረቀበት የጥቅምትና የኅዳር ወቅት ነው።

ገደቦች

ኮንክሪት የማይመረጥባቸው ሁኔታዎችም አሉ። የውሃና የፍሳሽ መስመር ገና ያልተዘረጋበት፣ ወይም ቤት ለመጨመር የታሰበበት ግቢ ቢዘገይ ወይም በኮብልስቶን ቢነጠፍ ይሻላል፤ ያለዚያ አዲስ የተሠራው ንጣፍ በዓመቱ ይቆረጣል። ንጣፉ ከተወሰነ ግን ወደፊት ለሚያልፍ ቧንቧና ገመድ ባዶ ቱቦ አስቀድሞ መቅበር ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ለድንኳን ምሰሶ የሚሆኑ ክዳን ያላቸው አጫጭር ቱቦዎችም እንዲሁ አብረው ሊቀበሩ ይችላሉ። እሳት የሚነድበትና ጉልቻ የሚቀመጥበት ጥግ ደግሞ በድንጋይ ወይም በአፈር ቢተው ይመረጣል፤ እርጥበት ያለው ኮንክሪት በብርቱ እሳት ሲመታ ገጹ ይፈነጠራልና።

የአካባቢ ዋጋም አለው። አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረት ከ600 እስከ 900 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። ከላይ በምሳሌ ለተጠቀሰው ግቢ በአንድ ሜትር ኩብ 320 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢገባ አጠቃላይ ፍጆታው 1,920 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም ከአንድ ቶን በላይ ልቀት ማለት ነው። ፒፒሲን መጠቀምና የማያስፈልገውን የግቢ ክፍል ሳይነጠፍ መተው ይህን ይቀንሳሉ። ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው ግን ሥራውን አንድ ጊዜ በትክክል መሥራት ነው፤ በሦስት ዓመት የሚፈርስ ንጣፍ ልቀቱንም ወጪውንም እጥፍ ያደርጋልና።

ማጠቃለያ

ለአዲስ አበባ የመኖሪያ ግቢ ኮንክሪት ተመራጭ የሚሆንባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ደልዳላና ለማጽዳት ቀላል ገጽ ይሰጣል፤ በአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃና ሙያ ይሠራል፤ የቤተሰብን ጭነት ያለ ችግር ይሸከማል፤ የከተማዋ አየርም እንደ ቀዝቃዛ አገሮች አይፈታተነውም። እነዚህ ጥቅሞች ግን ከሲሚንቶው ጋር በከረጢት ታሽገው አይመጡም። መሠረቱ ከአፈሩ ዓይነት ጋር ሲስማማ፣ ተዳፋቱ ውሃውን ከቤቱና ከጎረቤት ሲያርቅ፣ የመኮማተሪያ መስመሩ በጊዜው ሲበጅና ኮንክሪቱ በቂ ውሃ ሲጠጣ ብቻ የሚገኙ ናቸው።

ከዚህ አንጻር ባለቤቱ ከግንበኛው ጋር ሲዋዋል ስለ ስፋትና ስለ ዋጋ ብቻ ከመነጋገር ይልቅ አራት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም ይጠቀማል፤ ከሥር ምን ይነጠፋል? ውሃው በየት ይወጣል? መስመሮቹ የት የት ይሆናሉ? ከፈሰሰ በኋላስ ለስንት ቀን፣ በማን ይጠጣል? ለእነዚህ መልስ የተገኘለት ግቢ ክረምትን ከክረምት ይሻገራል። መልስ ያልተገኘለት ግን እንደ አውድማ በየዓመቱ መለቅለቅን ይጠይቃል፤ ልዩነቱ አውድማው የሚታደሰው በእበት መሆኑ ብቻ ነው።